ራሴን ይዤ ወደ ጉና

ከደብረ ታቦር ከተመለስኩ ወዲህ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ወሬዬን ሳይሰማ አይወጣም። በመጨረሻ አንዷ ደንበኛዬ፣ ለአንድ ቀሚስ በተመላለሰች ቁጥር ያንኑ የሰማችው፣ «አቦ ጻፊውና ገላግይን!» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ድሬዳዋ ለተወለደ ሰው ጉና ሩቅ ነው፤ አብዛኞቻችሁ እንደማትሄዱም አውቃለሁ። ስለዚህ መንገዱን ከነአቧራው፣ ሰዉን ከነአነጋገሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ምን ይዤ እንደሄድኩ ማወቅ አለባችሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማይግሬን አለብኝ። ሲነሳ በቀኝ ዓይኔ ጥግ ብርሃን ይብለጨለጫል፣ ከዚያ ግማሽ ጭንቅላቴን ይዞ ይወቅረኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ብርሃንና ሽታ ጠላቶቼ ይሆናሉ። አንዲት ሐኪም በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ መድኃኒት ከሰጠችኝ በኋላ ሰው ሆንኩ፤ የልብስ ስፌት ቤቴን የከፈትኩትም ያኔ ነው። ከባለቤቴ ከጌትነት ጋር ልጅ ስንፈልግ ግን ሐኪሟ አስቀምጣ መከረችኝ። «ይኼ መድኃኒት ጽንስ ይጎዳል። በአንዴ አታቁሚው፤ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ጨርሰሽ እስክታቆሚ ድረስም የወሊድ መከላከያሽን እንዳትተዪ» አለችኝ። ሲብስብኝ ከፋርማሲ የምገዛት የማይግሬን ኪኒንም ለነፍሰ ጡር አትሆንም ብላ ከለከለችኝ። የቀረልኝ ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም ሳይበዛ። ከዚያ ምግብ በሰዓቱ፣ እንቅልፍ በሰዓቱ፣ ውኃ በብዛት። «ከከበደሽ ተመልሰሽ ነይ፤ ለነፍሰ ጡር የሚሻል ሌላ መላ አለን። ብቻሽን አትሰቃዪ» አለች። አንድ ሌላ ነገርም ነግራኝ ነበር፤ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

መድኃኒቱን አቆምኩ፤ ራስ ምታቱ ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ። ወራት አለፉ። ስፌት ቤቴ ከተከፈተበት የተዘጋበት ቀን በለጠ፣ እርግዝናም የለም። ወደ ሐኪሟ መመለስ መሸነፍ መሰለኝና ቀረሁ። ከአሮጌው መድኃኒት የተረፉትን ኪኒኖች ግን በመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ጉና ሥር የሚኖሩት የጌትነት እናት ስለ እህቱ ደውለው «ትዋብ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል፤ የበኩሯ ነው፤ ወንድሟ መጥቶ ይያት» ሲሉ፣ እኔም በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ። እዚያው አገሩ ላይ ጌትነትን «አልቻልኩም፤ ልጅ ይቅርብን» እለዋለሁ፣ መድኃኒቴንም እጀምራለሁ። ቆርቆሮዋን ሻንጣዬ ሥር ከትቼ ተሳፈርኩ።

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ከድሬ ተነሳን። ያን ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር። ጌትነት መካኒክ ነው፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ጉድለቱን ይናገራል። እኔ ሲያመኝ ግን እጁን የት እንደሚያኖር ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ቦርሳ መሸከም ይወዳል። በቦርሳው ውስጥ ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሎሚ፣ ከጥቁር ገበር የሰፋሁት የዓይን መሸፈኛ ነበር። «ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ» ይለዋል።

የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሳንጨርስ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ሽቶ ነፋች። መስኮት ክፈቱ አልኩ። ድሬ ላይ መስኮት የሚዘጋ ሰው የለም፤ ከዚያ ወዲያ ግን አገሩ ሁሉ ንፋስ ይፈራል። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት አፍራ ነጠላዬን በሎሚ አሸችልኝ፣ እስከ አዋሽም ስለ እጮኛዋ እያወራችልኝ ሄደች። አዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ፔንሲዮን አደርን። ብርድ ልብሱ ሁለት ነበር፤ ለጌትነት አንዱንም አላካፈልኩት።

ረቡዕ

የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ላይ ጎኔ የተቀመጡት አንድ ቄስ ነበሩ። እንደገና መስኮት ክፈቱ አልኩ። እንደገና ከኋላ «ኧረ ንፋስ! ሕፃን አለ!» ተባለ። ቄሱ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ቦታ ቀየሩኝ፤ እኔን መስኮቱ ጋ አስቀመጡና ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ። «ጥቂት ክፈቺው ልጄ። ንፋሱን እኔ እችለዋለሁ» አሉኝ። አመሰግናለሁ፣ አንተ ግን እንዳይበርድህ አልኳቸው። ጌትነት ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

ይህን ላስረዳ። እኛ ድሬዎች ለሁሉም «አንተ»፣ «አንቺ» ነን፤ ክብሩ ድምፃችን ውስጥ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ ነው። ጌትነት እስከ ደጀን ድረስ አስጠናኝ።

የዓባይን በረሃ ሰው ሁሉ ፎቶ እያነሣ ሲወርድ እኔ በጥቁር ገበር ተሸፍኜ አለፍኩት። የፀሐዩና የጥላው መፈራረቅ ዓይኔን ስለሚቀሰቅስብኝ ነው። ስለዚህ ዓባይን አየሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ደጀን የበላነውን ሽሮ ግን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ቀይ ሽንኩርቱ እንደኛ ቤት ያልተቃጠለ፣ ዘይቱ ያልበዛ። ባሕር ዳር ስንገባ ሙቀቱን፣ ባጃጁን፣ ዘንባባውን አይቼ ቤቴ የደረስኩ መሰለኝ። ጌትነት «ይኼን ያዢው፤ ነገ ታጪዋለሽ» አለኝ።

ሐሙስ

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ሜዳው ሩዝ ነው። ሩዝ ከመርከብ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዎች እንደ ጤፍ ሲያጭዱት አየሁ። ከወረታ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ አየሩም አብሮ ይለወጣል። ደብረ ታቦር ስንደርስ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ ነበር።

ጌትነት አልጋ ሲይዝ እኔ ገበያ ወጣሁ፤ ልብስ ሰፊ አገር ሲያይ የሚያየው ጨርቁን ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ ጨርቅ በጣቶቼ ስዳስስ ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ «አንቺ ሰፊ ነሽ። ገዢ ቀለም ያያል፣ ሰፊ ክሩን ይዳስሳል» አሉኝ። ከድሬ መምጣቴን ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ በወጣትነታቸው ቀፊራ ገበያ ድረስ ለንግድ ተመላልሰዋል። ወንበር ጥላ ውስጥ አስወጡልኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ፀሐዩ ዓይኔን እንደሚያመኝ አይተው አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ዘረጉ። እሱኑ ለአማቴ ስጦታ ገዛሁት። «ቅዳሜ ጋሳይ ገበያ ነኝ። የቸገራችሁ ነገር ካለ ድንኳኔን ጠይቁ» ብለው ሸኙኝ።

ያረፍንበት ሆቴል ታች ቤቱ መጠጥ ቤት ነበር፤ የድምፅ ማጉያውም በትክክል አልጋችን ሥር። ወርጄ ስለ ራሴ ለባለቤቲቱ ነገርኳት። ሙዚቃውን ዘጋችና ለጠጪዎቹ «የታመመ ሰው አለ፤ ያለ ሙዚቃ ተጫወቱ» አለቻቸው። አንዳቸውም አላጉረመረሙም። ድሬ ቢሆን ግማሹ ታማሚዋ ወርዳ ትጨፍር ይል ነበር።

ዓርብ

ዓርብ ጾም ነው። ሆቴሉ ቁርስ ሳይደርስ ወጣን፤ በሶ ይዣለሁ፣ ግን በሰው ፊት በጥብጬ መጠጣት አፈርኩ፣ ስንደርስ እበላለሁ አልኩ። ጋሳይ ላይ ከመኪና ከወረድን በኋላ በእግር ዳገቱን ያዝነው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ድንች የሚቆፍሩ ሰዎች ቀና እያሉ ሰላምታ ይሰጡናል፣ ከላይ ጉና በደመና ተሸፍኗል። ፀሐዩ ይፋጃል፣ ጥላው ያንቀጠቅጣል። ይህን የመሰለ አየር ድሬ የለንም፤ እኛ ዘንድ አየሩ አንዱን ይመርጣል።

አማቴ ወይዘሮ ይታይሽ አጥሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሠርጋችን ድሬ ስለነበር መንገዱ ርቋቸው አልመጡም፤ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሳቸው ያላለቀ ሴት ናቸው። ስመውኝ ሲጨርሱ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና «እንዴት ነሽ?» አልኳቸው። ሊቀበለን የወጣው ጎረቤት አፉን ያዘ። እሳቸው ግን ሳቁና «ደህና ነኝ የኔ እናት። የሩቅ አገር ልጅ ናት፤ ተዉአት» አሉ ወደ ጎረቤቱ ዞረው። ጃንጥላውን ስሰጣቸው ዘርግተው ቤት ውስጥ ዞሩበት።

ሰዉ የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ራበኝ ማለት አፈርኩ። እኩለ ቀን ሳይሞላ በቀኝ ዓይኔ ጥግ ያ ብልጭታ ጀመረ፣ ከአጥሩ ጀርባ አስመለሰኝ።

«ምች ነው!» አሉ አማቴ። «ላቧ ሳይደርቅ ፀሐይ መታት።» ምች እኛም አገር አለ፤ እዚህ ግን ነገሩን ሁሉ ያውቁበታል። መደቡ ላይ አስተኙኝ፣ በሩን ዘጉ፣ ቡልኮ ደረቡብኝ፣ ሰው እንዳያወራ አዘዙ። ከጓሮ ዳማ ከሴ ቆርጠው በእጃቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ጭማቂውን ጠጪ ሲሉኝ ሐኪም የማላውቀውን ነገር እንዳልውጥ ከልክላኛለች አልኩ፤ አልተቀየሙም። በሶ ግን በጥብጠው በግድ አጠጡኝ። «ለታመመ ጾም የለም፤ ለምን አልነገርሽኝም?» ብለው ተቆጡ።

ሻሽ አጥብቃ ራሴን ያሰረችልኝ ትዋብ ናት። የእሷና የባሏ የአበጀ ቤት እዚያው ግቢ ነው። «እኔንም ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ የራሴን ሕመም እያዳመጥኩ ስለነበር እግዜር ይማርሽ ብቻ አልኳት።

ጨለማው፣ ጸጥታው፣ ያ የቅጠል ሽታና በሶው ሠሩ። ሲመሽ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ማይግሬን የሚፈልገው ይኸንኑ ነው፤ ድሬ ጸጥታና ጨለማ በልመናም አይገኝም። አማቴ ግን ለመጣ ጎረቤት ሁሉ «በሰዓታት ውስጥ አነሣኋት!» እያሉ አበሠሩ። ደስታቸውን አይቼ ደስ አለኝ። ያን ቀን ለጌትነት ልነግረው ያሰብኩትን ሳልነግረው ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ስነሣ ጭንቅላቴ ቀሎኝ ነበር። መደቡ ላይ ግን በእኔ ቦታ ትዋብ ተኝታለች፤ ያው ቡልኮ፣ ያው ጨለማ፣ ያው ዳማ ከሴ። «እንዳንቺው ምች ይዟታል። በቀትር ትነሣለች» አሉኝ አማቴ በልበ ሙሉነት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሩ ሲከፈት ፊቷን አየሁት፤ አብጧል። ጎረቤቶቹ ወፈረች፣ አማረባት ሲሉ ነበር። የለበሰችው ቀሚስ ለእርግዝናው በቅርቡ የተሰፋ ነው፤ ሆዱ ሰፊ ነው፣ እጅጌው ግን ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጅጌ እንዲህ ቶሎ አይጠብም።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ያምሽ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ እኔ ራሴን አሞኝም አያውቅ።»

«ዓይንሽስ?»

«ብዥ ይልብኛል። የእሳት ብናኝ ነገር ይታየኛል።»

ከቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር እጇን አኖረች። «እዚህ ጋም ያቃጥለኛል። ድንቹ ይሆናል።»

ሐኪሟ የነገረችኝ ያ ሌላ ነገር ይኸው ነበር። «ካረገዝሽ በኋላ፣ በተለይ ከአምስት ወር ወዲህ፣ የማታውቂው ዓይነት ራስ ምታት ከመጣብሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ከጎድንሽ ሥር ካመመሽ፣ ማይግሬኔ ነው ብለሽ እንዳትተኚ። ያኔውኑ ሄደሽ የደም ግፊትሽን አስለኪ። እናትንም ልጅንም የሚወስድ በሽታ አለ» ብላኝ ነበር። ያኔ ገና ስላላረገዝኩ በግማሽ ጆሮዬ ነበር የሰማሁት። አሁን ግን ቃል በቃል ተመለሰልኝ።

«እማዬ፣ ይኼ የእኔ ዓይነት አይደለም። ሐኪም ቤት መሄድ አለባት፣ አሁኑኑ» አልኳቸው።

«ባለፈው ወር ክትትል ሄዳ ደህና ነሽ ተብላለች» አሉ። «ደግሞስ ትናንት አንቺን በምን አዳንኩሽ? ጨለማ አስተኝቼ አይደለም? ምች የያዘውን ሰው ፀሐይ ላይ ማውጣት መግደል ነው ልጄ!»

የተናገሩት ስለ እኔ እውነት ነበር። ትናንት ባልድን ኖሮ ዛሬ እንዲህ እርግጠኛ አይሆኑም ነበር። ልጃቸውን የሚጠብቁት ከሞት ነው፣ እኔም ከሞት ነው። ጌትነትን ዞሬ አየሁት። «እማዬ፣ ይቺ ሴት ስለ ራስ ምታት ስትናገር እኔ አልከራከርም» አለ። አበጀ ጤና ኬላ ላለችው የጤና ባለሙያ ደወለ፤ የነገርኩትን ደግሞላት ሳይጨርስ «ቶሎ አውርዷት» አለችው። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ርቋል።

አማቴ አሁንም በሩ ላይ ቆመዋል። «ፀሐዩስ?» አሉ።

«ፀሐይ አይነካትም። ጥላ እንይዝላታለን» አልኩ።

እሳቸው ጃንጥላውን ከግድግዳው አወረዱ።

ወንዶቹ የሰፈሩን ቃሬዛ አምጥተው ተሸከሟት። ዳገቱን ስንወጣ ያላየሁትን ድንጋይ ሁሉ ስንወርድ አየሁት። አማቴ ከቃሬዛው ጎን እየሮጡ፣ ገደል አፋፍ ላይ እንኳ ሳይቀር፣ ያንን ጥቁር ጃንጥላ ከልጃቸው ፊት ፈቀቅ አላደረጉትም። ነጠላቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ከአፋቸው የሚወጣው «ማርያም፣ ማርያም» ብቻ ነበር።

ጋሳይ ስንደርስ የሐጂ ኑሩን ድንኳን ጠየቅን። ገበያው ደርቶ፣ ጨርቃቸው ገና ግማሹ ሳይሸጥ፣ ፒክአፓቸውን አራግፈው ቁልፉን ለሾፌራቸው ወረወሩለት። «ጨርቅ ይደርሳል፤ ሂዱ!» አሉ። መንገድ ላይ ትዋብ እጄን ይዛ «ዓይኔ ጠፋ» አለችኝ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል በር ላይ ስትወርድ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። ሐኪሞቹ ግፊቷን ለክተው እርስ በርስ ተያዩና ሮጡ፤ መርፌ ወጓት፣ ወደ ውስጥ አስገቧት፣ በሩ ተዘጋ።

ቆይታ አንዲት አዋላጅ ወጣች። አማቴ ተነሥተው «ምች አይደለም?» አሏት። ልመና ነበር የሚመስለው።

«አይደለም እማማ። ከእርግዝናው የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ልጁ መወለድ አለበት፤ ካልሆነ እሷ አትተርፍም።»

አማቴ ጃንጥላውን አጠፉና እግራቸው ሥር አስቀመጡት።

እሑድ

ሴት ልጅ ተወለደች። ከእጄ መዳፍ ብዙ የማትበልጥ፣ ቀይ፣ ድምፅ የሌላት። ትዋብ ተርፋለች፤ ግን መድኃኒቱ ላይ ናት፣ ልጇን መያዝ አትችልም። ነርሷ ሕፃኗ የሰው ገላ ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ቆዳ ለቆዳ የሚይዛት ሰው እንፈልጋለን አለች። አማቴ ያስላቸዋል፤ ከለከለቻቸው። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ልብሴን ፈቱ፣ ሕፃኗን በባዶ ደረቴ ላይ አስተኙልኝ፣ በነጠላ ከእኔ ጋር አሰሯት። ልቧ ደረቴ ላይ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። መንቀሳቀስ ፈራሁ። ለትንፋሿ እንኳ ቦታ እንዳልነፍጋት ብዬ ትንፋሼን አሳጠርኩ።

መስኮቱ ከፊቴ ነበር። ፀሐዩ ሲገባ በቀኝ ዓይኔ ጥግ ያ ብልጭታ ጀመረ። ሁለት ቀን ሙሉ በሥርዓት አልበላሁ፣ አልተኛሁ፤ መምጣቱ አይገርምም። ግን ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ለራሴ የማልሆን ሴት የሰው ልጅ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ለነርሷ እውነቱን ነገርኳት። «አሞኛል። ማይግሬን አለብኝ።» ግፊቴን ለካችና ደህና ነሽ አለችኝ፤ ፓራሲታሞል ሰጠችኝ፣ ጌትነት ዳቦና ውኃ አመጣ። «ልውሰዳት?» አለችኝ ነርሷ። ሕፃኗ ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ ጡቴ ላይ አሳረፈች። «ትንሽ ትቆይ» አልኩ።

መስኮቱ መጋረጃ አልነበረውም። አማቴ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጃንጥላውን አነሡ፣ ክፍሉ ውስጥ ዘርግተው በእኔና በመስኮቱ መካከል ያዙት። ሰዉ አየን፤ ግድም አልሰጣቸው። እጃቸው ሲዝል በሌላው እየቀየሩ ቆሙ። «ይሻልሻል?» አሉኝ። ይሻለኛል አልኳቸው፤ እውነትም ተሻለኝ።

ራስ ምታቱ ግን አልሄደም። እንደ ልማዱ ወቀረኝ፣ ማስመለሻ ዕቃ ተያዘልኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ሕፃኗ በዚያ ሁሉ መካከል ተኝታለች፤ ገላዋ እየሞቀ፣ ቀለሟ እየተመለሰ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሕመሙ ሲመጣ ሁሉን ነገር ከእጄ የሚያስጥለኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን አላስጣለኝም። አጠገቤ ሰዎች ቆመው ነበርና አልወደቅኩም፤ እሷም አልወደቀችም። ስታለቅሺ ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ደስታ ነው እላለሁ።

ሕፃኗን መልሰው ሲወስዷት ነርሷ «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» አለች። አማቴም እኔም አሜን አልን፤ ወላዷ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ሐሙስ

ትዋብ ዓይኗ ተመልሶ ልጇን አቀፈች። እኔና አማቴ ልብስ ልናመጣ ወደ ቤት ወጣን። ልብሱን ስሰበስብ ከጓሮ የቁፋሮ ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ዳማ ከሴውን ከነሥሩ ነቅለው አጥሩ ላይ ጥለውታል። አፈር በአፈር ሆነዋል።

«በዚህ ነበር ልጄን የምገድላት» አሉ።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ እኔን አሽሎኛል። እውነቴን ነው የምልዎት። ጨለማውም፣ ጥላውም፣ ቅጠሉም ለእኔ ልክ ነበሩ። ለትዋብ ነው ልክ ያልሆኑት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕመም አይደሉም።»

አንቱ ብያቸው ኖሯል፤ ማንም ሳያስጠናኝ። ቀና ብለው አዩኝ። ተነሥተን ቁጥቋጦውን አብረን መልሰን ተከልነው። ይጽደቅ አይጽደቅ አላወቅንም፤ ውኃ አጠጣነው።

ስንወርድ ትዋብ ስም አውጥታ ጠበቀችን። «ጥላነሽ ብያታለሁ፤ ለእማዬ» አለች። ቃሬዛው ላይ ሆና ሌላ ምንም አልታያትም ነበር፤ ከፊቷ ያልተለየ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ። አማቴ ወደ ግድግዳው ዞሩና ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም።

መመለሻ

ሲሸኙን አማቴ ስንቅ አስያዙኝ፤ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ። «ዓርብም ቢሆን ብዪ» አሉኝ። አውቶቡሱ ዓባይን ሲወርድ ገበሩን ከዓይኔ ላይ ትንሽ ገለጥ አደረግሁና ገደሉን አየሁት። ከዚያ የመርፌ ቆርቆሮዬን አውጥቼ ለጌትነት ከፈትኩለት። ምን እንደሆኑ፣ ምን ልለው እንደመጣሁ ሁሉንም ነገርኩት። ቆርቆሮዋን ከእጄ ወስዶ ዘጋት። «ልጅ ቢቀር አንቺ አትቀሪብኝ። ለምን ብቻሽን ያዝሽው?» አለኝ። አሁን ልጅ ይቅር አልልም፣ ሐኪሟ ጋ እንሂድ ነው የምልህ አልኩት። ድሬ በገባን ማግስት ሄድን። ኪኒኖቹን ሰጠኋት፤ ለሚያረግዝ ሰው የሚሻል ያለችውን ሌላ መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀመረችልኝ። ራስ ምታቱን አላጠፋውም፤ አሳሳው።

ይህን የምጽፈው ስፌት ቤቴ ውስጥ ነው። ሆዴ ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር መጋፋት ጀምሯል፤ ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ራሴን አመመኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴን ተለካሁ፣ ደህና ነሽ ተባልኩ፣ ተመልሼ መስኮቱን ጋርጄ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ አማቴ ደወሉ። ከኋላቸው ጥላነሽ ትጮኻለች፤ ድምፅ አውጥታለች።

«ራስሽ እንዴት ዋለ?» አሉኝ።

«አሞኝ ነበር፣ እማዬ።»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል፤ ያን ቁልቁለት ሲወርዱ እንደሰማሁት።

«አይስጉ» አልኳቸው። «የማውቀው ነው።»